ኦሽ፦ የውሸት ሐዲስ ያላስፈለጋት ከተማ



ስለ ማዕከላዊ እስያ ሲነሳ ብዙዎቻችን አፍ ላይ ቶሎ የሚመጡት ሁለት ስሞች ናቸው፤ ቡኻራና ሰመርቀንድ። ቡኻራን በኢማሙ እናውቃታለን፣ ሰመርቀንድን ደግሞ ስልካችን ላይ በሚዘዋወሩት የሰማያዊ ጉልላት ፎቶዎች። ዛሬ የምናወራት ግን ከሁለቱም ወደ ምሥራቅ ርቃ የምትገኝ፣ ስሟ በእኛ አገር ብዙም የማይሰማ የተራራ ከተማ ናት። ስሟ ኦሽ ይባላል። በዐረብኛ ኪታቦች «ኡሽ» ተብላ ትጻፋለች።

ኦሽ የዛሬዋ ኪርጊዝስታን ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። የፈርጋና ሸለቆ የሚባለው ሰፊና ለም ሜዳ በምሥራቅ በኩል የሚያልቀው እሷ ዘንድ ነው፤ ከእሷ በስተደቡብ የአላይ ተራሮች ይጀምራሉ፣ ከዚያም ወደ ፓሚር ይዘልቃሉ። በዓለም ካሉ ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ የሆነው የፓሚር አውራ ጎዳና አንዱ ጫፉ እዚህ ነው። ከተማዋን መሀል ለመሀል አቅ ቡራ የሚባል ከበረዶው የሚወርድ ወንዝ ያቋርጣታል፤ ረጅሙ የጃይማ ገበያም የተዘረጋው ወንዙን ተከትሎ ነው።

የተራራ ከተማ ሲባል እቅፍ ውስጥ የተኛች ከተማ ነው የምናስበው። ኦሽ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ተራራው ራሱ ከተማዋ እቅፍ ውስጥ ነው ያለው። ቤቱ፣ ሱቁ፣ መስጂዱ፣ የቀብር ቦታው ሁሉ ዙሪያውን ከብቦታል፤ እሱ መሀል ላይ አምስት ጫፍ አውጥቶ፣ ዛፍ የሌለው ራቁት አለት ሆኖ ቆሟል። ስሙ ሱለይማን ቶ ይባላል፣ የሱለይማን ተራራ ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ለኪርጊዝስታንም የመጀመሪያዋ ነበር። በዋሻዎቹና በገደሎቹ ላይ የጥንት ሰዎች የቀረጿቸው ሥዕሎች በ101 ቦታዎች ተቆጥረዋል። ከሩቅ ለሚመጣ የሐር ንግድ ነጋዴ ይህ ተራራ «ደርሰሃል» የሚል ምልክት ነበር። ከቻይና በኩል ከካሽጋር ተራራውን ተሻግሮ የሚመጣውም፣ ከሰመርቀንድ በኩል የሚወጣውም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

እስልምና ወደዚህ ሸለቆ የገባው በኡመውያዎች ዘመን ነው። የኹራሳን አስተዳዳሪ የነበረው ቁተይባ ኢብን ሙስሊም ፈርጋና ድረስ ዘልቆ ነበር። ግን መጨረሻው አላማረም። በሂጅራ 96 ዓመት (715 እ.ኤ.አ.) ኸሊፋው አል ወሊድ ሞተው ወንድማቸው ሱለይማን ሲተካ፣ ቁተይባ አዲሱን ኸሊፋ ፈርቶ አመፀ፤ የገዛ ወታደሮቹ እዚያው ፈርጋና ውስጥ ገደሉት። እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ልብ የሚባለው ግን የአገሩ ሰው እስልምናን የተቀበለው በአንድ ጀምበር ዘመቻ አለመሆኑ ነው። በነጋዴ፣ በዓሊም፣ በጎረቤት በኩል በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የገባው።

ይህን የምናየው ከከተማዋ በሮች ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉ የሙስሊም ጂኦግራፊ ሊቃውንት ኦሽን ከፈርጋና ከተሞች በትልቅነት ሦስተኛ አድርገው ይጠቅሷታል። ሦስት በር እንዳላትም ይነግሩናል፤ የተራራው በር፣ የውሃው በር፣ ሦስተኛው ደግሞ የእሳት አምላኪዎቹ ቤት በር። ከቁተይባ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ መሀል ከተማው ላይ የጁሙዓ መስጂድ ቆሞ፣ በሩ ግን አሁንም በድሮው የመጁሶች ቤት ስም ይጠራል! ተራራው ላይ ደግሞ የጥበቃ ቦታ ነበር። ያኔ ሙስሊም ያልሆኑት የቱርክ ጎሣዎች በየትኛው በኩል እንደሚመጡ ከላይ ሆኖ የሚጠባበቅ ሰው ይቀመጥበታል። በዚያው ክፍለ ዘመን ግን እነዚያ የሚፈሩት ቱርኮች ራሳቸው ሰለሙ። ቀረኻኒዶች የተባለው ሥርወ መንግሥታቸው ከኦሽ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኡዝገን ከተማ ተቀመጠ፤ የጡብ ሚናራቸው ዛሬም እዚያው ቆሟል።

ኡዝገንን ካነሳን አንድ ሰው ሳንጠቅስ ማለፍ አይሆንልንም። የሐነፊ መዝሀብ ታላቅ ዓሊም ኢማም ሸምሱል አኢማ አስ ሰረኽሲ (ረሒመሁላህ) የታሰሩት እዚህ ነው። ለገዢው በሰጡት አንድ ምክር ምክንያት ጉድጓድ ውስጥ ተጣሉ፤ ከአሥር ዓመት በላይም ቆዩ። ተማሪዎቻቸው ግን አልተዉአቸውም። ጉድጓዱ አፍ ላይ እየተቀመጡ፣ ኢማሙ ከታች ሆነው ያለ ኪታብ፣ ከአእምሯቸው ሲናገሩ እነሱ ከላይ ይጽፉ ነበር። «አል መብሱጥ» የተባለው ዛሬ በ30 ጥራዝ የሚታተመው የፊቅህ ኪታብ በዚህ መንገድ ነው የተጻፈው። በአንዳንድ ምዕራፎች መጨረሻ ላይ የታሰረ ሰው የጻፈው መሆኑን የሚያስታውሱ የምሬት ቃላት አሉበት። ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ትምህርት አቆምኩ ለምንል ለእኛ ትንሽ ያሳፍራል።

እንግዲህ ወደ ርዕሳችን እንምጣ።

ተራራው የነቢዩ ሱለይማን (ዐለይሂ ሰላም) የተባለው ለምንድነው? የአገሩ ሽማግሌዎች የሚያወሩት ብዙ ነው። አንዳንዱ እዚህ ሰግደዋል ይላል፣ አንዳንዱ ዙፋናቸው ነበር ይላል። ስለ ከተማዋ ስምም ተረት አለ፤ በሬዎች ጠምደው ሲያርሱ ተራራው ዘንድ ሲደርሱ «ኾሽ!» ማለትም በቃ ብለው በሬዎቹን አቆሟቸው፣ ስሙ ከዚያ ቀረ ይባላል። (በነገራችን ላይ ኡዝቤኮች ፒላቭ የሚባለውን የሩዝ ምግባቸውንም «ኦሽ» ነው የሚሉት፤ የኡዝገን ቀላ ያለው ሩዝ ደግሞ ለዚሁ የታወቀ ነው።) ከነዚህ ታሪኮች በቁርኣንም በትክክለኛ ሐዲስም ማስረጃ ያለው አንድም የለም። የአለቱ ላይ ሥዕሎች እንደሚመሰክሩት ቦታው እስልምና ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊትም ይመለክበት ነበር። ሕዝቡ ሲሰልም የድሮውን ልማድ ጥሎ አልመጣም፤ ስሙን ቀይሮ ይዞት ገባ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰዎች በሰው ገላ ብዛት እንደ መስታወት የለሰለሰ አለት ላይ ይንሸራተታሉ፤ የወገብ ሕመም ያድናል፣ ልጅ ያሰጣል ብለው። ዩኔስኮ ሲመዘግበው ተራራው ላይ 17 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሁንም ሰው ይሄድባቸዋል ብሏል። ጥቅምና ጉዳት በአላህ እጅ ብቻ መሆኑን ለሚያምን ሰው ይህ ልክ አይደለም፤ አለት ለማንም ልጅ አይሰጥም። የእኛም አገር ሰው ጉዳዩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ክርክሩን እዚህ አንከፍተውም።

የሚያሳዝነው ግን ሌላው ነው። ኦሽን ለማክበር ተብሎ ሐዲስ ተፈጥሮላታል። የከተማዋን በላጭነት የሚናገሩ፣ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የተጠጉ ንግግሮች ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው ይዘዋወሩ ነበር፤ ከ500 ዓመት በፊት ባቡርም ስለ ኦሽ ሲጽፍ እንዲህ ያሉ ሐዲሶች መኖራቸውን ጠቅሷል። ይህ የኦሽ ብቻ በሽታ አይደለም። በዚያ ዘመን ከተማው ሁሉ የየራሱን የሙገሳ ሐዲስ ይፈልግ ነበር። ኢማም ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) ስለ ውሸት ሐዲሶች ምልክት በጻፉበት ኪታብ፣ ባግዳድን፣ ባስራን፣ ኩፋን፣ መርውን፣ እስክንድርያን እየጠሩ እነዚህን የሚያወድስ ወይም የሚነቅፍ ሐዲስ ሁሉ ውሸት ነው ብለው በጅምላ ዘግተውታል። አገር መውደድ ችግር የለበትም። ለአገር ብሎ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ መዋሸት ግን የሚያስከትለውን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ኦሽ ይህ ውሸት የሚያስፈልጋት ከተማ አለመሆኗ ነው። እውነተኛ ፀጋ ነበራትኮ!

አንደኛው ሲራጁዲን ዐሊ ኢብን ዑስማን አል ኡሺ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ሁለት ነገር ትተውልን ሄደዋል። አንዱ «አል ፈታዋ አስ ሲራጂያ» ነው፣ እዚያው ኦሽ ላይ ተጽፎ ያለቀ የፈትዋ ኪታብ። ሌላው «በድኡል አማሊ» ይባላል። ከ70 ስንኝ የማይበልጥ፣ ሁሉም በ«ላም» ፊደል የሚጨርስ የዐቂዳ ግጥም ነው። ትንሽ ነው፤ አንድ ጎበዝ ልጅ በሳምንት ይሸመድደዋል። ከዚያች የተራራ ከተማ ወጥቶ ግን ከቱርክ እስከ ህንድ መድረሳዎች ድረስ ገባ። መካ ላይ የኖሩት ሙላ ዐሊ አል ቃሪ (ሂጅራ 1014 የሞቱት) ማብራሪያ ጽፈውለታል፤ ሌሎችም ብዙ አሉ። ዛሬም የማቱሪዲ ዐቂዳ በሚሰጥባቸው ቦታዎች ልጆች ያነበንቡታል። ከኦሽ በስተምዕራብ በምትገኘው መርጊናን ደግሞ በዚያው ዘመን ሌላ ሰው ይኖሩ ነበር፤ የ«አል ሂዳያ» ባለቤት ቡርሃኑዲን አል መርጊናኒ፣ በ593 ሂጅራ የሞቱት። የሐነፊ ፊቅህ ሲነሳ ይህ ኪታብ ሳይነሳ አይቀርም። የወሎን የሐነፊ ደረሶች ለሚያውቅ ሰው የዚህ መዝሀብ ዘመዶች ምን ያህል ሩቅ ድረስ እንዳሉ ማሰብ ደስ ይላል።

ሁለተኛው ከኦሽ የወጡት ቁጥቡዲን በኽቲያር ካኪ ናቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኦሽ ተወልደው፣ የሸይኽ ሙዒኑዲን ቺሽቲ ሙሪድ ሆኑ፤ በሡልጣን ኢልቱትሚሽ ዘመን ዴልሂ ገብተው እዚያው አስተማሩ፣ በ1235 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፉ። ህንድ ውስጥ ስማቸው የገነነው ባባ ፈሪድ ተማሪያቸው ናቸው። እሳቸው ዴልሂ ላይ ሳሉ አገራቸው የጀንጊዝ ኻን ፈረስ ይረግጣት ነበር። ከማዕከላዊ እስያ ዓሊሙም፣ የእጅ ባለሙያውም፣ ወታደሩም ወደ ህንድ የጎረፈበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ባቡር እንሂድ። (የምንሳፈርበት ባቡር አይደለም፤ ስሙ ነው።) ዘሂሩዲን ሙሐመድ ባቡር በ1483 እ.ኤ.አ. ከኦሽ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አንዲጃን ተወለደ። በአባቱ በኩል የቲሙር፣ በእናቱ በኩል የጀንጊዝ ዘር ነው። አባቱ በ1494 ገደል አፍ ላይ የተሠራ የርግብ ቤት ከነአፈሩ ሲናድ አብረው ወድቀው ሞቱ። ባቡር ገና 12 ዓመት ሳይሞላው የፈርጋና ገዢ ሆነ።

በኋላ የሕይወት ታሪኩን በራሱ ቋንቋ በቻጋታይ ቱርክኛ ሲጽፍ ስለ ኦሽ የጻፈው ክፍል ከሌሎቹ ይለያል። የሸለቆውን ከተሞች ሁሉ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ይዘረዝራቸዋል፤ የዚህ ሐብሐብ ጥሩ ነው፣ የዚያ ውሃ መጥፎ ነው፣ እዚህ ወባ አለ። ኦሽ ላይ ሲደርስ ግን ቃናው ይለወጣል። በአየሯና በውበቷ ፈርጋና ውስጥ የሚወዳደራት የለም ይላል። በጸደይ ስለሚፈነዱት ቫዮሌትና ቱሊፕ አበቦች፣ በተራራውና በከተማው መሀል ስላለው መስጂድና ስለሚያልፍበት ጅረት ይጽፋል። ከመስጂዱ ግቢ በታች መንገደኛ የሚያርፍበት ጥላ ያለው መስክ ነበር። የኦሽ ዱርዬዎች ታዲያ አንድ ቀልድ ነበራቸው፤ እንቅልፍ የወሰደው መንገደኛ ካዩ ጅረቱን ወደሱ ይለቁበታል! ንጉሥ ሆኖ ይህን ከልጅነቱ ያስታውሳል። ተራራው ላይ ቀይና ነጭ የተቀላቀለበት ድንጋይ በአባቱ ዘመን መገኘቱንና ሰዎች የቢላ እጀታና የቀበቶ ዘለበት እንደሚሠሩበትም አይረሳም።

እነዚያው የኦሽ ሰዎች ደግሞ ለቁም ነገርም ደርሰውለታል። መሳፍንቱ ከድተውት አገሩ ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ፣ የከተማው ተራ ሕዝብ ዱላ ይዞ ወጥቶ የጠላቶቹን ወታደሮች አባሮ ምሽጉን ጠብቆለታል።

ልጁ ገዢ ተራራው ላይ አንዲት ትንሽ ቤት አሠራ፣ በ902 ሂጅራ (1496/97 እ.ኤ.አ.)። ዕድሜው 14 አካባቢ ነበር። ከእሱ በፊት አጎቱ ሡልጣን ማሕሙድ ኻን ከፍ ብሎ ሌላ ቤት ሠርቶ ነበር። ባቡር ስለዚህ ሲጽፍ የአጎቴ ቤት ከፍ ይላል፣ የእኔ ግን የተሻለ ቦታ ላይ ነው፣ ከተማው በሙሉ ከእግሬ ሥር ይታያል ብሎ ይፎክራል። ሲጽፈው ትልቅ ሰው ነበር፤ ፉክክሩ ግን አሁንም የልጅ ነው። ሁላችንም ዘንድ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ኑሮው ስደት ሆነ። ሰመርቀንድን ያዘ፣ አጣ፣ ደግሞ ያዘ፣ ደግሞ አጣ። ሸይባኒ ኻን ከአገሩ አስወጣው። በ1504 ካቡልን ያዘ፤ በ1526 ፓኒፓት ላይ የዴልሂን ሡልጣን ድል አድርጎ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየውን የሙጋሎች መንግሥት መሠረተ። ዴልሂ እንደገባ መጀመሪያ ከሄደባቸው ቦታዎች አንዱ የት ይመስላችኋል? የኽዋጃ ቁጥቡዲን መቃብር። ከኦሽ ወጥተው ዴልሂ ላይ የተቀበሩት ሸይኽ፣ ከ290 ዓመት በኋላ ኦሽ ላይ ቤት የነበረው ሰው ሊዘይራቸው መጣ። ባቡር አገሩን ዳግም አላያትም። በ1530 አግራ ላይ ሞተ።

ኦሽስ? ከሸይባኒዎች በኋላ የቆቃንድ ኻኖች ገዟት። በ1876 የሩሲያ ዛር የቆቃንድን መንግሥት አፍርሶ ሸለቆውን ጠቀለለ። ያኔ የአላይ ተራራ ኪርጊዞችን የምትመራው ሴት ነበረች፤ ቁርማንጃን ዳትካ። ባሏ በቤተ መንግሥት ሴራ ሲገደል እሷ ተተካች፣ ኻኖቹም ማዕረጉን አጸደቁላት። ሩሲያን መዋጋት ሕዝቧን እንደሚያስጨርስ ስታይ ተደራደረች። በ1895 ሩሲያውያን ልጇን ካምቺቤክን ኦሽ ከተማ አደባባይ ላይ ሲሰቅሉት ተከታዮቿ ሊያስለቅቁት ተዘጋጅተው ነበር፤ እሷ ግን በአንድ ልጄ ምክንያት ሕዝብ አላስፈጅም ብላ ከለከለቻቸው። ዛሬ በኪርጊዝስታን የ50 ሶም ገንዘብ ላይ ያለው ፎቶ የእሷ ነው።

የሶቪየት ዘመን ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተዘጉ፣ ወቅፍ ተወረሰ፣ መድረሳዎች ቆለፉ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የጎዳው ግን ፊደሉ ይመስለኛል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ የዐረብኛው ፊደል ወደ ላቲን ተቀየረ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1940 አካባቢ እንደገና ወደ ሩሲያው ሲሪሊክ። በአንድ ትውልድ ሁለት ጊዜ! የአል ኡሺን ግጥም በቃሉ የሚያውቅ አያትና ስሙን እንኳ በአያቱ ፊደል መጻፍ የማይችል የልጅ ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ኖሩ። ያም ሆኖ በፈርጋና ሸለቆ ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ መጋረጃ ተዘግቶ፣ በሌሊት፣ በየቤቱ ይሰጥ ነበር። ይህን ስውር ትምህርት ሰዉ «ሑጅራ» ይለዋል። ባቡር ተራራው ላይ የሠራትንም ቤት የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

ተራራውም አልተረፈም። የባቡር ሑጅራ ፈረሰች፤ አሁን የምትታየው በኋላ የተሠራች ናት። በ1978 አንዱ ዋሻ ተፈልፍሎ፣ በሩ ላይ ኮንክሪትና መስታወት ተለጥፎበት ሙዚየም ሆነ። በ1950ዎቹ ታሽከንት የነበረው የማዕከላዊ እስያ ሙስሊሞች አስተዳደር ወደ እንዲህ ያሉ ተራሮችና መቃብሮች መሄድ ከእስልምና አይደለም የሚል ፈትዋ አወጣ። ፈትዋው በራሱ ሲነበብ ብዙ ዓሊሞች የሚስማሙበት ነገር አለው። ከኋላው የቆመው መንግሥት ግን ሰዉ ከተራራው ወርዶ መስጂድ እንዲገባ አልነበረም የሚፈልገው፤ መስጂዱንም ዘግቶታል። ስለዚህ ሕዝቡ ፈትዋውን አልሰማም፣ መውጣቱንም አላቆመም። ተውሒድን ማስተማር እና ሙስሊምን ከሚሰበሰብበት ማባረር ሲቀላቀሉ ምን እንደሚመጣ ለማየት ኦሽ ጥሩ ቦታ ናት።

ሶቪየት ያወረሳት ሌላም ነገር አለ፤ ድንበር። በ1924 ሞስኮ ሸለቆውን በብሔር ስትከፋፍል አንዲጃን ለኡዝቤክ ሆነች፣ ብዙ ኡዝቤክ የሚኖርባት ኦሽ ደግሞ ለኪርጊዝ። አንድ አገር እስከሆኑ ድረስ መስመሩ ካርታ ላይ ብቻ ነበር። ኋላ ግን አጥር ሆነ።

ኪርጊዝም ኡዝቤክም ሙስሊም ናቸው። ሁለቱም ሐነፊ ናቸው፣ ቋንቋቸው የአንድ ግንድ ነው፣ አንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ በአንድ ቂብላ ይሰግዳሉ። ሰኔ 1990 እ.ኤ.አ. ላይ በአንድ የኅብረት እርሻ መሬት ሰበብ ተነስተው በመቶዎች ተጋደሉ፤ የሶቪየት ጦር ገብቶ ነው ያቆመው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2010፣ እንደገና። ሚያዝያ ላይ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በሕዝብ ዓመፅ ወርዶ መንግሥት ላልቶ ነበር። ሰኔ 10 ሌሊት በወጣቶች መሀል ጠብ ተነሳ። ወዲያው ኡዝቤኮች አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ገብተው የኪርጊዝ ልጃገረዶችን ደፈሩ የሚል ወሬ በስልክ ተዛመተ። ገጠር ያሉ ወጣቶች ይህን ሰምተው ወደ ከተማው ጎረፉ። በኋላ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ አጣሪ ኮሚሽን ወሬውን መረመረ፤ እንዲህ የሚባል ነገር አልተፈጸመም። ወሬው ግን ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል። በጥቂት ቀናት 470 ያህል ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኡዝቤኮች ነበሩ። ሰፈሮች ተቃጠሉ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንት፣ ወደ ኡዝቤኪስታን ድንበር ሸሸ።

የሱረቱል ሑጁራትን ትእዛዝ፣ ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ፣ ሳታውቁ ሰዎችን እንዳትጎዱ የሚለውን፣ እዚያ ከተማ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያው ሱራ ጎሣና ነገድ የሆንነው እንድንተዋወቅ መሆኑም አለ። አንዳንዱም አልረሳውም፤ ጎረቤቱን ቤቱ ውስጥ የደበቀ ኪርጊዝ ነበር፣ ጎረቤቱን የደበቀ ኡዝቤክም ነበር። ይህን የሚያህል የዒልም ታሪክ ያላት ከተማ ላይ ይህ ሁሉ እንዴት ደረሰ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ለአል ኡሺ ከተማ የሙገሳ ሐዲስ የፈጠረው ሰው እና በ2010 ያንን የስልክ ወሬ ሳያጣራ ያስተላለፈው ልጅ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አልችልም፤ የአንዱ ጥፋት ሰው ገድሏል። ሁለቱም ግን የሰሙትን ከማን እንደሰሙት አልጠየቁም። በዚያ ሸለቆ ዓሊሞች መድረሳ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ብዙ ተለውጣለች። የተቃጠሉት ቤቶች ብዙዎቹ እንደገና ተሠርተዋል፣ ከሁሉም ልብ ውስጥ ግን አልወጣም። በ2012 ተራራው አጠገብ ሺዎችን የሚይዝ አዲስ መስጂድ ተከፈተ። ከሥሩ ደግሞ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የረባት አብዱላኻን መስጂድ አለ፣ ጠጋ ጠጋ ብለው። በ1975 የቆመው 23 ሜትር የሌኒን ሐውልት በ2025 ከቦታው ወረደ።

ኦሽን ከአንዲጃን የሚለየው የድንበር በር ዶስቱክ ይባላል፣ ወዳጅነት ማለት ነው። ከ2010 በኋላ ለተራው ሰው ተዘግቶ ነበር። ዘመዶች በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ሆነው ዓመታት አሳለፉ፤ ሠርግ ያለፋቸው አሉ፣ ጀናዛ ያለፋቸውም አሉ። መስከረም 2017 ላይ ተከፈተ። አሁን ባቡር በልጅነቱ በፈረስ ይመላለስበት የነበረውን መንገድ የአንዲጃን ቤተሰብ ጠዋት በመኪና ተነስቶ ይመጣበታል። ጃይማ ገበያ ይገባል፣ ትኩስ ሳምቡሳቸውን ይበላል፣ ልጆቹን ይዞ ተራራውን ይወጣል፣ ዙህርን ሥሩ ሰግዶ ማታ ቤቱ ይገባል።